ከቴይሊንግ ግድብ በታች ያለው የክትትል ጉድጓድ ሰልፌቱ እየጨመረ ነው፣ ፒኤቹ ግን አልተነቃነቀም፤ ምን ላድርግ?

ኮረብታ_22

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

በምዕራብ ኢትዮጵያ ባለ አንድ የወርቅ ማዕድን የውሃ ክትትሉን ሥራ በቅርቡ ተረክቤያለሁ። ቦታው ላይ ክፍት ፒት (የማዕድን ቁፋሮ ጉድጓድ)፣ በሳያናይድ የሚሠራ ፋብሪካ፣ አንድ ቴይሊንግ ግድብ (የፋብሪካው ዝቃጭ የሚጠራቀምበት) እና ሁለት ዌስት ደምፕ (የተጣለ ድንጋይ ክምር) አለ። በግድቡ ዙሪያ ሦስት የክትትል ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፤ ቁጥር 1 ከግድቡ በላይ፣ ቁጥር 2 እና 3 በታች።

የቁጥር 2 ሰልፌት ባለፉት አራት ሩብ ዓመታት 18፣ 24፣ 35፣ 46 ሚሊግራም በሊትር ሆኖ መጥቷል። ኢሲው (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ፣ የሟሟ ጨው ምልክት) በዚያው ጊዜ ከ310 ወደ 375 ማይክሮሲመንስ ወጥቷል። ፒኤቹ 7.1 ላይ ቆሟል። ዋድ ሳያናይድ (በደካማ አሲድ የሚለቀቀው) ከላቦራቶሪው የመለኪያ ወሰን በታች ነው። ብረት ግን አንዴ 0.2፣ አንዴ 6.4 ሚሊግራም በሊትር እየሆነ ግራ ያጋባል። ቁጥር 1 ሁልጊዜ ከ15 እስከ 19 ሚሊግራም ሰልፌት ነው። የቁጥር 3 ፒኤች 11.2 ነው፤ ከተቆፈረ ጀምሮ እንዲሁ ነበር ይላሉ።

አለቃዬ «ለመጠጥ ውሃ የሚጠቀሰው ሰልፌት 250 ነው፣ ገና ሩቅ ነን» ይላል። ጥያቄዬ፦ ይሄ ፍሳሽ ነው ወይስ አይደለም? ብረቱ ለምን ይዘላል? ናሙናው አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ለመድረስ ሁለት ቀን ስለሚፈጅበት በመንገድ እንዳይበላሽ ምን ማድረግ አለብኝ?

አለትና_ውሃ

ወንድሜ፣ በደንብ አድርገህ ነው የጠየቅኸው። ከ250ው ልጀምር። እሱ ሰው የሚጠጣውን ውሃ ለመመዘን የወጣ ቁጥር ነው። የክትትል ጉድጓድ የሚቆፈረው ግን ለውጥን ቀድሞ ለማየት ነው። ስለዚህ ቁጥር 2ን ማነጻጸር ያለብህ ከራሱ የቀድሞ ውጤትና ከግድቡ በላይ ካለው ቁጥር 1 ጋር ነው። ቁጥር 1 ባለበት ሲቆም ቁጥር 2 ከእጥፍ በላይ አድጓል። አራት ልኬት በተከታታይ እየጨመረ በአጋጣሚ የመምጣት ዕድሉ ከ24 አንድ ነው። ይሄ የመጨረሻ ማስረጃ አይሆንም፣ ግን ቀጣዩን ሩብ ዓመት እጅ አጣጥፎ የሚያስጠብቅም አይደለም።

መጀመሪያ ውጤቱ የላቦራቶሪ ስህተት አለመሆኑን በኢሲው አረጋግጥ። ሰልፌቱ በ28 ሚሊግራም ጨምሯል። ለ48 ሲካፈል 0.58 ሚሊኢኩቫለንት (በኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚቆጠር የጨው መጠን) ይሆናል። አንድ ሚሊኢኩቫለንት ጨው ኢሲን በግምት በ100 ማይክሮሲመንስ ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ወደ 60 ገደማ ጭማሪ መጠበቅ ነበረብን። አንተ ያየኸው 65 ነው። ሜዳ ላይ በእጅህ የለካኸውና ላቦራቶሪው የሰጠህ ቁጥር ይመሳከራሉ፤ ጭማሪው እውነተኛ ነው ብዬ እወስዳለሁ።

ፒኤቹ ለምን ቆመ? ሰልፋይድ ያለበት ድንጋይ አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድና ሰልፌት ያመነጫል። አሲዱን በመንገዱ ያለው ካልሳይትና በውሃው ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት ይበላዋል፤ ሰልፌቱ ግን ከውሃው ጋር ይጓዛል። በዚህ ምክንያት ፒኤች ለዓመታት 7 ላይ ቆይቶ፣ ገለልተኛ የሚያደርገው ነገር ሲያልቅ በአንዴ ይወድቃል። ፒኤችን ብቻ የሚጠብቅ ሰው የሚሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ)፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም በየዙሩ ይለኩ። አልካሊኒቲ መውረድ ከጀመረ ተራው የፒኤች ነው።

ሳያናይድ አለመታየቱም ነጻ አያወጣም። ነጻ ሳያናይድ ይተናል፣ በባክቴሪያ ይበላል፣ ከብረት ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ከዋዱ በተጨማሪ ጠቅላላ ሳያናይድ፣ ታዮሳያኔት (ሳያናይድ ከሰልፈር ጋር ሲዋሃድ የሚወጣው)፣ አሞኒያና ናይትሬት አስለካ። ምንጩን ለመለየት ደግሞ ከሁለቱም ምንጮች ናሙና ያስፈልግሃል፤ ከግድቡ ኩሬና ከዌስት ደምፑ ሥር ከሚወጣው ፍሳሽ። ሰልፌቱ ከሶዲየም ጋር አብሮ ከጨመረ ግድቡን ጠርጥር፤ ሶዲየም ከሳያናይዱና ከማርከሻ ኬሚካሎቹ ይመጣል፤ ሳያናይዱን በሰልፈር ዳይኦክሳይድና በአየር የሚያጠፋ ፋብሪካ ከሆነ ሰልፌቱ ራሱ ከዚያ ይወጣል። ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ናይትሬት አብረው ከጨመሩ ግን ወደ ዌስት ደምፑ ዞር በል፤ ናይትሬቱ ያልተቃጠለ ፈንጂ ቅሪት ነው።

ሌላው ትልቅ ነገር የውሃው አቅጣጫ ነው። ሦስቱንም ጉድጓዶች በአንድ ቀን በዲፕ ሜትር (የውሃ ጥልቀት መለኪያ ገመድ) ለካ፣ ከኬዚንጉ (የጉድጓዱ ቱቦ) አፍ ላይ ምልክት ከተደረገበት ከአንድ ነጥብ። የነጥቡን ከፍታ ሰርቬየር በሴንቲሜትር ትክክል ካላደረገው ልኬቱ ከንቱ ነው። ከሦስቱ ከፍታ ትሪያንግል ሠርተህ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ታያለህ። ብዙ ጊዜ «ከግድቡ በታች» የሚባል ጉድጓድ በካርታ እንጂ በውሃው ፍሰት በታች ሆኖ አይገኝም።

ፍጥነቱንም ገምት። በበሰበሰው አለት ውስጥ ኬ (አለቱ ውሃ የማሳለፍ አቅሙ) በቀን 0.1 ሜትር፣ ተዳፋቱ 0.03፣ ውጤታማ ፖሮሲቲው (ውሃ የሚያልፍበት ክፍተት ድርሻ) 0.1 ቢሆን ውሃው በዓመት 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከሥሩ ባለው ስንጥቅ አለት ውስጥ ኬ 1፣ ፖሮሲቲው 0.01 ከሆነ ግን በቀን 3 ሜትር ነው። እናንተ ያላችሁበት የጥንት ጠንካራ አለት ምድር ስለሆነ ሁለቱም አሉ። በየሦስት ወሩ የሚለካ ሰው በስንጥቁ የሚሄደውን 270 ሜትር ካለፈ በኋላ ነው የሚያየው። ቁጥር 2ን ከአሁን ጀምሮ በየወሩ አድርገው።

ቁጥር 3ን በተመለከተ፦ ፒኤች 11.2 የሲሚንቶ ፒኤች ነው። ግራውቱ (መድፈኛው የሲሚንቶ ድፍድፍ) በቤንቶናይቱ (ውሃ ሲነካው የሚያብጥ የሸክላ መዝጊያ) አልፎ ወደ ስክሪኑ (ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው የቱቦ ክፍል) ወርዷል። ከዚያ ጉድጓድ የሚመጣ የብረታ ብረት ውጤት ምንም አይነግርህም፤ በዚያ ፒኤች ብዙው ይዘቅጣል። ደጋግመህ ሰርጅ እያደረግህ (ውሃውን ወደ ላይና ወደ ታች እየገፋህ) አጽዳው፣ ፒኤቹ በጥቂት ሳምንታት ካልወረደ ሌላ ጉድጓድ ማስቆፈር ነው። እስከዚያ ለውሃ ከፍታ ብቻ ተጠቀምበት። ይህ ማለት ዛሬ ከግድቡ በታች ያለህ ሁለት ሳይሆን አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው።

ናሙና_ቤት

ስለ ብረቱና ስለ ጠርሙሱ እኔ ልጨምር።

0.2 እና 6.4 የሚዘለው ብረት በአብዛኛው ውሃው ውስጥ የሟሟ አይደለም፤ ደለል ነው። ያልተጣራ ናሙና ላይ አሲድ ሲጨመር ሸክላው ላይ ያለው ብረት ይሟሟና ላቦራቶሪው እንደ ውሃ ብረት ይቆጥረዋል። የቀድሞ ሪፖርቶችን አውጥተህ አሉሚኒየሙን እይ፤ ብረት በዘለለበት ቀን አሉሚኒየምም ማንጋኒዝም አብረው ከዘለሉ መልሱ እሱ ነው። የዚያን ቀን ተርቢዲቲ (የውሃው ድፍርስነት) ከተመዘገበ ደግሞ ጥርጣሬ አይቀርም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጉድጓዱን ሳታናውጥ መቅዳት። ቤይለር (በገመድ የሚወርድ መቅጃ ቱቦ) ወርውሮ ማውጣት ደለሉን ይቀሰቅሳል። በትንሽ ፓምፕ፣ ከስክሪኑ መሃል፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 500 ሚሊሊትር እየሳብህ የውሃው ከፍታ ከ10 ሴንቲሜትር በላይ እንዳይወርድ ተከታተል። በየ3 እስከ 5 ደቂቃው ለካ። ሦስት ተከታታይ ልኬት ፒኤች በ0.1፣ ኢሲ በ3 በመቶ፣ የሟሟ ኦክስጅን በ10 በመቶ፣ ኦአርፒ (የውሃው የኦክሲዴሽን ሁኔታ መለኪያ) በ10 ሚሊቮልት ውስጥ ሲሆን፣ ተርቢዲቲም ከ10 ኤንቲዩ በታች ሲወርድ ያኔ ቅዳ። ፓምፑ ከሌለህና በሦስት እጥፍ የምታጸዳ ከሆነ፣ የ50 ሚሊሜትር ኬዚንግ በሜትር 2 ሊትር ያህል ይይዛል፤ 12 ሜትር ውሃ ካለው 24 ሊትር፣ ሦስት እጥፉ 72 ሊትር መውጣት አለበት። በባልዲ ቁጠረው፣ በግምት አይሆንም። ኢሲና ፒኤች ሜትሩ በዚያው ጠዋት ካሊብሬት መደረጉና የባፈሩ ዕድሜ አለማለፉ በቅጹ ላይ ይጻፍ።

ሁለተኛው፣ ለሟሟ ብረታ ብረት የሚሆነውን እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ በ0.45 ማይክሮን ፊልተር አጣርተህ ነው አሲድ የምትጨምረው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ሥራው ሁሉ ባከነ። ላቦራቶሪ ሄዶ ይጣራል የሚለው አይሠራም፤ ብረቱ በመንገድ ላይ ኦክሲድ ሆኖ ይዘቅጥና አርሴኒኩን አብሮ ይዞ ይወርዳል፣ ስታጣራው አርሴኒክህ ፊልተሩ ላይ ይቀራል። በዚያ መንገድ «አርሴኒክ የለም» የሚል ሪፖርት ይወጣል። ለዚህ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ጠርሙሶቹ እንዲህ ይለያያሉ፦

ለብረታ ብረት ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ናይትሪክ አሲድ ፒኤች ከ2 በታች እስኪሆን፤ ስድስት ወር ይቆያል፣ ሜርኩሪ ግን 28 ቀን ብቻ።

ለሳያናይድ ጥቁር ወይም በፎይል የተሸፈነ ጠርሙስ፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፒኤች 12 እስኪያልፍ፤ በ4 ዲግሪ፣ 14 ቀን። ፀሐይ የብረት ሳያናይድን ስለሚሰብር ጨለማው ግዴታ ነው። ሰልፋይድ ካለ በሊድ አሲቴት ወረቀት ፈትሽ፤ ወረቀቱ ከጠቆረ ሰልፋይዱ ካልተወገደ ሳያናይዱን እያጠፋው ይሄዳል።

ለሰልፌትና ክሎራይድ ምንም ሳይጨመር፣ ቀዝቃዛ፣ 28 ቀን። አልካሊኒቲ 14 ቀን። ሳይጠበቅ የሚሄድ ናይትሬት 48 ሰዓት ብቻ ስላለው የሁለት ቀን መንገድ ይበላዋል፤ በሰልፈሪክ አሲድ ፒኤች ከ2 በታች አድርገህ ከላክኸው ናይትሬትና ናይትራይት በድምር 28 ቀን ይቆያሉ። ሄክሳቫለንት ክሮም 24 ሰዓት ስለሆነ ከዚያ ቦታ ባትልከው ይሻላል።

ደግሜ ልበል፦ የአሲድ ጠብታ ሳያናይድ ጠርሙስ ውስጥ እንዳይገባ። ሃይድሮጅን ሳያናይድ ጋዝ ነው የሚወጣው፣ ይገድላል። የሁለቱን ጠርሙሶች ክዳን በተለያየ ቀለም አድርግ፣ ጓንቱንም በመካከል ቀይር።

ሳጥኑ ውስጥ በረዶው ሁለት ቀን እንዲቆይ በፕላስቲክ ጠርሙስ የቀዘቀዘ ውሃ ተጠቀም፤ የተፈታ በረዶ መለያውን አጥቦ ይወስደዋል። ከየ10 ናሙና አንድ ዱፕሊኬት (ከዚያው ቦታ የተቀዳ ሁለተኛ ናሙና)፣ ከየጉዞው አንድ የሜዳ ብላንክ (ሜዳ ላይ በንጹሕ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ) ይላክ። ዱፕሊኬቶቹ ከ20 በመቶ በላይ ከተለያዩ ያንን ዙር ደግመው። ውጤቱ ሲመለስም የካታዮንና የአናዮን (የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ አዮኖች) ሚዛን ሥራ፤ ከ5 በመቶ በላይ ከተዛባ ላቦራቶሪውን ጠይቅ። የሟሟው ብረት ከጠቅላላው በልጦ ከመጣ አንድ ጠርሙስ ተለዋውጧል።

ኮረብታ_22

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። የድሮ ሪፖርቶች ላይ አሉሚኒየም በእርግጥም ብረት በዘለለበት ቀን አብሮ ዘሏል። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ የቁጥር 2ን ሎግ (የቁፋሮ መዝገብ) አግኝቼ ስክሪኑ 12 ሜትር መሆኑን አየሁ። ይሄ ችግር አለው?

አለትና_ውሃ

አለው። ለክትትል የሚሆን ስክሪን 3 ሜትር አካባቢ ነው። ባለ 12 ሜትሩ ከላይ ያለውን ንጹሕ ውሃና ከታች ያለውን የተበከለ ውሃ ቀላቅሎ ነው የሚሰጥህ። ከ12ቱ ሁለት ሜትሩ ብቻ የፈሰሰውን ውሃ ቢሰጥ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ቢያፈስ፣ ብክለቱ ስድስት እጥፍ ይቀጥናል። ጭማሪህ 28 ነበር፤ በስድስት ስታበዛው 168፣ ከመነሻው 18 ጋር 186 ሚሊግራም። ስንጥቁ ውስጥ የሚሄደው ውሃ ወደ 250ው ተጠግቶ ሊሆን ይችላል፤ ለአለቃህ ይሄንን አሳየው።

ለማረጋገጥ ከመሳብህ በፊት የኢሲ ፕሮቡን በየግማሽ ሜትሩ ቀስ እያልክ አውርድ። በአንድ ጥልቀት ላይ ኢሲው በድንገት ከፍ ካለ ስንጥቁ እዚያ ነው። ከዚያ ከጎኑ ሁለት ጉድጓድ አስቆፍር፤ አንዱ በበሰበሰው አለት፣ አንዱ በስንጥቁ ልክ። 50 ሚሊሜትር ፒቪሲ፣ በጥርስ የሚገጣጠም እንጂ በማጣበቂያ የሚያያዝ አይሁን፤ ማጣበቂያው ናሙናህን ይበክላል። ግራቭል ፓኩ (በስክሪኑ ዙሪያ የሚሞላው ጠጠር) ከስክሪኑ በላይ ግማሽ ሜትር ይለፍ፣ ከዚያ ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር ቤንቶናይት ገብቶ እስኪያብጥ ይጠበቅ፣ ከዚያ ግራውት። ቁጥር 3 የተበላሸው ይሄ መጠበቅ ስለተዘለለ ሊሆን ይችላል፤ ቁፋሮው ሲጣደፍ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው። ግድቡ አካል ላይ የተቀበሩት ባለ ሽቦ ፒዞሜትሮች የግፊት መለኪያ ናቸው፣ ናሙና አይወጣባቸውም፤ ሪፖርት ላይ «ስምንት የክትትል ነጥብ አለን» ተብለው ሲቆጠሩ አትቀበል።

የወንዝ_ዳር

ስለ ወንዙ ማንም ስላላነሳ ልግባ። ኮንሰንትሬሽን ብቻ ከለካህ ወንዝ ላይ ግማሹን ነው የያዝኸው። መጋቢት ላይ ጅረቱ በሰከንድ 30 ሊትር ሲወርድ ሰልፌቱ 60 ቢሆን፣ ነሐሴ ላይ 900 ሊትር ሲወርድ 20 ቢሆን፣ ወረቀቱ ላይ ውሃው የተሻለ ይመስላል። ጭነቱን ስታሰላ ግን መጋቢት ላይ በሰከንድ 1.8 ግራም፣ ነሐሴ ላይ 18 ግራም ነው። በቀን ከ155 ኪሎ ወደ 1,555 ኪሎ ማለት ነው። ከላይኛው ጣቢያ የመጣውን ቀንሰህ ቀሪው ነው የማዕድኑ።

ስለዚህ ፍሰት ይለካ። ለትንሽ ጅረት 90 ዲግሪ ቪ-ኖች ዊር (በቪ ቅርጽ የተቆረጠ የፍሰት መለኪያ ግድግዳ) በቂ ነው፤ ፍሰቱ በሜትር ኪዩብ በሰከንድ 1.38 ጊዜ የውሃው ከፍታ በ2.5 ፓወር። ከፍታው 20 ሴንቲሜትር ከሆነ 25 ሊትር በሰከንድ ገደማ ይሆናል። ከፍታውን ከዊሩ ላይ ሳይሆን ከበስተኋላ፣ የውሃው ከፍታ ቢያንስ ሦስትና አራት እጥፍ ርቀህ ለካ፤ ውሃው ሊወድቅ ሲል ዝቅ ስለሚል ጠርዙ ላይ የለካ ሰው ሁሌ ያሳንሰዋል። ከኋላው ደለል ከሞላም ልኬቱ ይበላሻል፣ በየዝናቡ ይጠረግ። ዊር ከሌለ ተንሳፋፊ ጥለህ ፍጥነቱን ለካና በ0.85 አባዛው፣ ግምት መሆኑንም ጻፍ።

ከመፍሰሻው በታች ያለውን ጣቢያ ስትመርጥ ውሃው መቀላቀሉን አረጋግጥ። ከዳር እስከ ዳር ኢሲ እየለካህ ተሻገር፤ በግራና በቀኝ ዳር ከተለያየ ገና አልተቀላቀለም፣ ወደ ታች ውረድ። ቀድተህ ስትቆም ፊትህ ወደ ላይኛው ፍሰት ይሁን። ከታችኛው ጣቢያ ጀምረህ ወደ ላይ ብትወጣ የረገጥከው ደለል አይከተልህም፤ ዕቃው ግን በመካከሉ በደንብ ይታጠብ።

ወቅቱን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ዝናብ እንዳያመልጥህ። በበጋ ወራት በዌስት ደምፑ ውስጥ የተከማቸው ጨውና ብረታ ብረት የሚታጠበው ግንቦትና ሰኔ ላይ በሚወርዱት የመጀመሪያ ጎርፎች ነው። በየሩብ ዓመቱ በቀጠሮ የሚሄድ ቡድን ያችን ሳምንት አያገኛትም። ኢሲ ሎገር (በራሱ እየለካ የሚመዘግብ መሣሪያ) ጅረቱ ላይ አስቀምጥ፣ ሲዘል ሄዳችሁ ቅዱ።

ስለ ሜርኩሪ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በላያችሁ በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች ካሉ ከላይ የሚመጣው ውሃ ራሱ ሜርኩሪ ሊይዝ ይችላል። ሜርኩሪ ደግሞ በአብዛኛው ከደለል ጋር ነው የሚጓዘው፤ የተጣራ ውሃ ብቻ ለክተህ «የለም» እንዳትል። ከላይና ከታች ደለሉን አስመርምር። ያለዚያ በኋላ የማን እንደሆነ ማንም መለየት አይችልም፤ ጥፋቱ ወደ አጣቢዎቹ ወይም ወደ ማዕድኑ በግምት ይወረወራል።

ጽጌ_ሃይድሮ

የመንደሩን ጉድጓዶችና ምንጮች አትርሱ። ፒቱ ሲጠልቅ ውሃ ይሳባል፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ እሱ ያዘነብላል፣ ሰው ደግሞ የሚያውቀው የእጅ ፓምፑ ሲደርቅ ነው። ፓምፕ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፣ ቢቻል ሁለት፣ የእያንዳንዱ ጉድጓድ ከፍታና የምንጭ ፍሰት ይመዝገብ። እዚያ ጉድጓድ ላይ የሚጠጣ ሰው ስላለ የሚመዘነው በመጠጥ ውሃ ደረጃ ነው፤ አርሴኒክ 0.01 ሚሊግራም በሊትር። ለማዕድን ፍሳሽ የዓለም ባንክ ቡድን መመሪያ ላይ ያለው 0.1 ነው፣ አሥር እጥፍ። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሪፖርት ብዙ ነው፣ የሚጎዳውም ውሃውን የሚቀዳው ሰው ነው።

የውሃ ከፍታን በግፊት የሚለካ ሎገር ስትገዛ የአየር ግፊት ሎገርም አብሮ ይገዛ። ያለ እሱ አንዳንዱ ሰው የባሕር ወለሉን 1013 ሄክቶፓስካል ይቀንሳል። 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ወደ 845 ነው፤ ልዩነቱ 168 ሄክቶፓስካል፣ በውሃ 1.7 ሜትር ስህተት ነው። ሎገሩን በወሰድክ ቁጥር በዲፕ ሜትር አንድ ልኬት ወስደህ አስተካክለው፤ ገመዱ በጊዜ ይለጠጣል።

ውጤቱን ለቀበሌው በአማርኛም በአካባቢው ቋንቋም ለጥፉ። ለገ ደንቢ የወርቅ ማዕድን ላይ በ2010 ዓ.ም. ነዋሪው ተቃውሞ አንስቶ ፈቃዱ ሲታገድ ክርክሩ ዞሮ ዞሮ ውሃውና አፈሩ ውስጥ ምን አለ የሚል ነበር። ክርክር ከተነሳ በኋላ የሚለካ ውሃ ማንንም አያሳምንም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው በግሉ ተጎዳሁ ማለት ሳያስፈልገው አቤት እንዲል ይፈቅዳል። የመንደሩ ተወካይ ናሙና ሲቀዳ አብሮ ይቁም፣ የታሸገ ግማሽ ናሙና ይሰጠው።

ኮረብታ_22

ተረድቻለሁ። ለአለቃዬ የማቀርበው የእርምጃ ወሰን ስንት ይሁን? ገና አራት ውጤት ብቻ ነው ያለኝ።

አለትና_ውሃ

በአራት ውጤት ያውም እየጨመሩ ባሉ አማካይና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን አታውጣ፤ ብክለቱን ራሱን መነሻ ታደርገዋለህ። የቁጥር 1ን ውጤቶች ሁሉ ሰብስብ፣ 95ኛ ፐርሰንታይሉ (ከውጤቶቹ 95 በመቶው የማያልፉት ቁጥር) የመጀመሪያ ማንቂያ ይሁን። ከዚያ ያለፈ አንድ ውጤት በ14 ቀን ውስጥ በዱፕሊኬት ይደገማል። ከተረጋገጠ በየወሩ ይለካል፣ የኩሬው ውሃና የዌስት ደምፑ ፍሳሽ አብሮ ይመረመራል። በወርሃዊው ልኬት አሁንም ከጨመረ ወይም ታዮሳያኔት ከታየ ከግድቡ በታች የሚስብ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ የወጣው ውሃ ወደ ግድቡ ይመለሳል፤ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም በዚያው ሳምንት ይጻፋል። ማን በስንት ቀን ምን እንደሚያደርግ በስምና በሥራ መደብ ተጽፎ በአለቃህ ይፈረም። በአሁኑ ቁጥርህ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነህ፣ ስለዚህ ነገ የምትጀምረው ቁጥር 2ን ደግሞ በመቅዳት ነው፤ ታዮሳያኔቱን በዝርዝሩ ላይ እንዳትረሳ።